መኪናው መቼ ይገባል?

በእህል ማከፋፈያ ወራት በአርብ ገበያ ከተማ «መኪናው ገባ» የሚል ወሬ ሲሰማ፣ የትኛው መኪና ነው ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። አውቶቡስ መጥቶ ሊሆን ይችላል፤ የነጋዴ አይሱዙም ጨውና ስኳር አራግፎ ተመልሶ ይሆናል። ይሁን እንጂ ከሩቅ ቀበሌ አህያዋን እየነዳች፣ ሕፃን አዝላ ለመጣች እናት «መኪናው» ማለት ስንዴ የጫነው መኪና ብቻ ነው።

አርብ ገበያ የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳው በደቡብ በኩል እስከ በሽሎ ወንዝ ድረስ ይወርዳል፤ ከወንዙ ማዶ ወሎ ነው። ዝናቡ ሲያጥር አዝመራው ቶሎ የሚጎዳበት አገር በመሆኑ፣ ልማታዊ ሴፍቲ ኔት የተባለው ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ታች ጋይንት፣ ላይ ጋይንትና ስማዳ ከታቀፉት ወረዳዎች ውስጥ ነበሩ። ስለ ፕሮግራሙ ብዙ ተጽፏል። ስለ እርከኑ፣ ስለ ተከለለው ተራራ፣ ስለ ገጠር መንገዱ ብዙ ተብሏል። እህሉን ከመጋዘን አንሥቶ እዚያ ድረስ ስለሚያደርሰው ሹፌርና እርሱ በዘገየ ቁጥር ስለሚጎድልበት ቤት ግን እምብዛም አልተነገረም። የዛሬው ዓምዳችን ይህንኑ የሹፌር ውሎ ይከተላል።

«የሹፌር ነገር ለሴቶችና ለቤተሰብ ዓምድ ምኑ ነው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሱ አጭር ነው። አንድ የጭነት መኪና ሲንቀሳቀስ በመነሻውም ሆነ በመድረሻው የሚጠብቁት ሴቶች ናቸው። አንደኛዋ «በሰላም ደርሶ ይሆን?» ትላለች፤ ሁለተኛዋ «መቼ ይደርስ ይሆን?» ትላለች።

ወረታ ላይ የጫነ አንድ ሹፌር እንውሰድ። ጭነቱ የሚጠናቀቀው በዋዜማው ነው። ጫኝና አውራጆች ባለ 50 ኪሎውን ከረጢት በትከሻቸው እያመላለሱ ሲደረድሩ የመጋዘን ጠባቂው ይቆጥራል፤ ረዳቱ ይቆጥራል፤ ሹፌሩም ከጎን ቆሞ ይቆጥራል። 200 ኩንታል ማለት 400 ከረጢት ነው። ከእነዚህ ውስጥ አንዱ ቢጎድል ተጠያቂው ፈርሞ የተረከበው ሹፌር ነውና፣ ሦስት ሰው መቁጠሩ አይበዛም። ከመንግሥት መጋዘን ሲወጣ ዕቃው በሞዴል 22 ይወጣል፤ በመድረሻው ያለው መጋዘን ደግሞ በሞዴል 19 ይረከባል። በሁለቱ ወረቀቶች መካከል ያለው መንገድ በሙሉ የሹፌሩ ዕዳ ነው።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሲሆን ረዳቱ ጎማዎቹን በመዶሻ እየመታ ድምፃቸውን ያዳምጣል። ሹፌሩ የሞተሩን ዘይትና ውሃ ያያል፤ የሸራውን ገመድ ይስባል። ሸራው የላላ እንደሆነ ጉና ላይ የሚጥል ዝናብ ስንዴውን ያረጥበዋል። የረጠበ ስንዴ ደግሞ በከረጢት ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ ይሻግታል፤ የሻገተውን ስንዴ ወስዳ ፀሐይ ላይ የምታሰጣው፣ የምትለቅመው፣ የምታጥበውም ያችው እናት ናት። ገመዱን አንድ ጊዜ አጥብቆ ማሰር የስንት ቀን ሥራ እንደሚያድን ረዳቶች ሁሉ ቢያውቁት መልካም ነበር።

ከመቀመጫው ጀርባ አንድ የጨርቅ ከረጢት ተሰቅሏል። በውስጡ የሚስቱ እጅ ያዘጋጀው ስንቅ አለ። በአስፋልቱ ዳር ባሉት ከተሞች ምግብ ቤት አይጠፋም፤ ከዋናው መንገድ ከተገነጠሉ በኋላ ግን መኪና ተበላሽቶ ቢያድሩ የሚበላው የተያዘው ስንቅ ነው። ባልትና የምታውቅ የሹፌር ሚስት ድርቆሽ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ታዘጋጃለች። ድርቆሹ እንዲቆይ ከተፈለገ እንጀራው በደንብ ተቆራርጦ ፀሐይ ላይ እስኪንኮሻኮሽ መድረቅ አለበት። ግማሽ የደረቀ ድርቆሽ በሦስተኛው ቀን ይሻግታል። ዕቃውም የጨርቅ ከረጢት ቢሆን ይመረጣል፤ በፌስታል የታሰረ ድርቆሽ በሙቀት ያልበዋል። የተቆላ በርበሬ፣ ጨውና ጥቂት ቋንጣ ለብቻ ተቋጥሮ ከተያዘ፣ አንድ ጀበና የሚያህል ሙቅ ውሃ ካገኙ ምሳ ደረሰ ማለት ነው። በሶው ደግሞ እሳትም አይጠይቅም። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ሹፌር በባዶ ሆዱ ሲነዳ ግን እንቅልፍም ንዴትም ይቀርበዋልና፣ ስንቁ ከፍሬኑ ቀጥሎ የሚታሰብ ነው ብንል አልተጋነነም።

መንገዱ ከፎገራ ሜዳ ተነሥቶ ሽቅብ ነው። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው የሚያገኟት ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚያ በኋላ በጋሳይና በክምር ድንጋይ በኩል፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚቆመውን ጉናን እየታከከ ወደ ነፋስ መውጫ ይሄዳል። ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ ስሟንም ያወጣላት ሰው የሚናገረውን ያውቅ ነበር። ቁርጥማት የጀመራቸው አሮጌ ሹፌሮች እዚህ መንገድ ላይ የጉልበታቸውን ሕመም ከቴርሞ ሜትር ይልቅ ያምናሉ።

ከወረታ ወልድያ ያለው ይህ መንገድ «የቻይና መንገድ» እየተባለ ይጠራል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. ቻይናን ከጎበኙ በኋላ በተገኘው ብድር፣ በደርግ ዘመን ቻይናውያን ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆነው የሠሩት ነው፤ በኋላም አስፋልት ለብሷል። ከዚያ በፊት በዚህ አገር ከባድ ዕቃ ማጓጓዝ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ዐፄ ቴዎድሮስን ማስታወስ ይበቃል። ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር አንሥተው በጨጨሆ በኩል መቅደላ ለማድረስ፣ ከ1860 ዓ.ም. መባቻ እስከ መጋቢት ድረስ መንገድ እየጠረጉ፣ ድንጋይ እየፈነቀሉ ተጉዘዋል። ከሠራዊቱም ጋር እንጀራ የሚጋግሩ፣ ውሃ የሚቀዱ፣ ልጅ ያዘሉ እጅግ ብዙ ሴቶች ነበሩ። ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ መድፉ ብዙ ሲሉ ስለ ምጣዱ ዝም ብለዋል። መድፉ 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል። የኛ ሹፌር ከዚያ የሦስት እጥፍ ያህል ጭኖ በአንድ ቀን ሊገባ ያስባል።

ያስባል እንጂ ሁልጊዜ አይሆንለትም። ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ደቡብ፣ ወደ ታች ጋይንት ሲታጠፍ የጉዞው መልክ ይለወጣል። ኮረኮንቹ ሲጀምር የሰዓት ስሌት ያበቃል። ቁልቁለቱ ላይ ልምድ ያለው ሹፌር ፍሬን ላይ ቆሞ አይወርድም፤ ዳገቱን በወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ይወርዳል። ፍሬን ደጋግሞ የረገጠ እንደሆነ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ በሚፈለግበት ሰዓት አይዝም። ረዳቱ ታኮውን በእጁ ይዞ በሩን ገርበብ አድርጎ ይቀመጣል። መኪናው ዳገት ላይ ከቆመ ዘሎ ወርዶ ከኋላ ጎማው ሥር የሚያስገባው እርሱ ነው። ይህ ልጅ ብዙ ጊዜ ሃያ ዓመት አይሞላውም፤ እርሱንም የምትጠብቅ እናት አለችው፤ ስለ ረዳት እናት ግን ማንም ጠይቆ አያውቅም።

በበጋ አቧራው፣ በክረምት ጭቃው ነው። ክረምት ሲገባ አንድ ጎማ ጭቃ ውስጥ ከሰመጠ አካፋ ይወጣል፤ ድንጋይ ይለቀማል፤ የአካባቢው ገበሬዎች ተጠርተው ይመጣሉ። ሳይጠሩ የሚመጡትም ብዙ ናቸው፤ ጭነቱ ምን እንደሆነ ያውቁታልና። አንዳንድ ጊዜ ግማሹን ጭነት አውርዶ፣ መኪናውን አውጥቶ፣ መልሶ መጫን ግድ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ የዚያ ቀን ጉዞ እዚያው ያበቃል።

በዚህ መንገድ ላይ ሹፌሩን ከጭቃ የባሰ የሚያስጨንቀው ነገር አለ። ከፊቱ ቃሬዛ ይመጣል። ስምንት አሥር ጎልማሶች እየተፈራረቁ የተሸከሙት፣ በጋቢ የተሸፈነ ቃሬዛ ነው፤ በላዩ ያለችው ምጥ የጸናባት ሴት ናት። ጎልማሶቹ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ከኋላ አማቷ ነጠላዋን አገልድማ እየሮጠች «የኔ ልጅ፣ ስለ ወላዲቷ ብለህ ጫንልን!» ትላለች። በጭነት መኪና ላይ ሰው መጫን ክልክል ነው፤ ሹፌሩ ይህን ያውቃል። ከጭነቱ በላይ ሰው ማሳፈር አደጋ በመሆኑ ክልከላውም ትክክል ነው። ጋቢናው ግን መቀመጫ አለው። ረዳቱን ወደ ጥግ አስጠግቶ ወላዷንና አንዲት አስታማሚ አሳፍሮ ጤና ጣቢያ በር ላይ ያወረደ ሹፌር ጥፋት ሠራ የሚል ሰው ካለ፣ ይህ ዓምድ ከእርሱ ጋር አይስማማም። ይህ ሲባል ግን ወላድ በጭነት መኪና ዕድል ላይ ትጣል ማለት አይደለም። በየወረዳው አምቡላንስ የተመደበው፣ በጤና ጣቢያዎችም የወላዶች ማቆያ የተከፈተው ስለዚህ ነው። ቤቷ ከመንገድ የራቀ ነፍሰ ጡር ቀኗ ሲቃረብ አስቀድማ ወደ ማቆያው ብትሄድ፣ ምጥ መንገድ ላይ አይዛትም። ባሏና አማቷም ይህን ጉዞ እንደ ቅንጦት ባያዩት መልካም ነው። ቤት ማን ይጠብቃል፣ እንጀራ ማን ይጋግራል የሚለው ጥያቄ ስንት ሴት መንገድ ላይ እንዳስቀረ እነርሱም አይዘነጉትም።

መኪናው አመሻሽ ላይ አርብ ገበያ ሲገባ የመጋዘኑ ግቢ በሰው ተሞልቷል። አንዳንዷ ከትናንት ጀምራ የምትጠብቅ ናት። የበሽሎ ቆላ ሰው ሽቅብ ወጥቶ ነው የሚመጣው፤ ሲመለስ ቁልቁል ቢሆንም ተሸክሞ ነው።

አሁን ስሌቱን እንመልከት። የሴፍቲ ኔት ተጠቃሚ በወር አምስት ቀን በማኅበረሰብ ሥራ ይሠራል፤ ለአንድ ቀን ሥራ ሦስት ኪሎ እህል ይታሰብለታል። ይህም ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ነው። አምስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ 75 ኪሎ ይደርሰዋል ማለት ነው። በ200 ኩንታል የተጫነ አንድ መኪና እንግዲህ ለ266 እንዲህ ያሉ ቤተሰቦች የአንድ ወር እህል ይዟል። ያ መኪና ጭቃ ውስጥ ሲያድር 266 ምጣድ አብሮት ያድራል።

የእህሉ ስርጭት የታሰበው ከጥር እስከ ሰኔ ላሉት ስድስት ወራት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን ድርሻው በጊዜው ሳይደርስ ይዘገይ እንደነበረ በፕሮግራሙ ላይ የተደረጉ ግምገማዎች ደጋግመው ጽፈዋል። የመጋቢት እህል በመጋቢት ካልመጣ አንዲት እናት ምን ታደርጋለች? በመጀመሪያ ከጎረቤት ትበደራለች። ቀጥላ ዶሮዋን፣ ከዚያም በግ ካላት በጓን ትሸጣለች። እህሉ በግንቦት ሲመጣ የሁለት ወሩ በአንድነት ይታደላል፤ በወረቀት ላይ ምንም አልጎደለም። በጓ ግን አትመለስም። የተበደረችው ቁና እህልም ከነወለዱ ይመለሳል። የሰኔው ድርሻ ደግሞ ወደ ሐምሌ ከተንሸራተተ መንገዱ ጭቃ፣ ጎተራው ባዶ፣ እርሻው ደግሞ ጉልበት የሚጠይቅበት ወር ላይ ይወድቃል። መኪናው መንገዱ ሳይቆረጥ በፊት ይግባ የሚባለው ስለዚህ ነው።

«እህሉ ቀርቶ ገንዘብ ቢሰጥ የመኪናው ጣጣ በቀረ ነበር» የሚሉ አሉ። አባባሉ ከአንድ ወገን ሲታይ ትክክል ነው። ገንዘብ ጭቃ ውስጥ አይሰምጥም። ነገር ግን በ1997 ዓ.ም. ለአንድ ቀን ሥራ የተወሰነው 6 ብር፣ በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲንር ሦስት ኪሎ እህል መግዛት አቅቶት ነበር። ሌላም ነገር አለ፤ ይኸኛው ለዚህ ዓምድ ይበልጥ ይቀርባል። በዚህ ጉዳይ ላይ ሴቶችን የጠየቁ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ብዙ ሴቶች ከገንዘብ ይልቅ እህሉን ይመርጣሉ። ምክንያቱን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያሻም። ስንዴ ቤት ሲገባ የሚረከበው የሴቲቱ እጅ ነው፤ ብር ሲሆን ግን በባል ኪስ ውስጥ አድርጎ፣ በገበያ ቀን ጠላ ቤት ደርሶ ሊመጣ ይችላል። ባሎች ሁሉ እንዲህ ናቸው ማለታችን አይደለም። ሴቶቹ ግን ይህን ያህል ሳያሰሉ አልመረጡም።

ወደ ግቢው እንመለስ። ከረጢቱ ይወርዳል፤ ይቆጠራል፤ የተቀደደው ለብቻው ይመዘናል። ሹፌሩ ከመኪናው ወርዶ ፊቱን ሲታጠብ አንዲት አሮጊት ቀርበው «ምነው ልጄ፣ እንዲህ ዘገየህ?» ይሉታል። «እማማ፣ መንገዱ አላሳልፍ አለኝ» ይላል። «ይሁን፣ እንኳን በደኅና ገባህ» ብለው ይመልሱለታል። ቁጣም ምርቃትም በአንድ ጊዜ መቀበል የዚህ ሥራ ደንብ ነው።

ከተሰለፉት መካከል ነፍሰ ጡሮችና ሕፃን ያዘሉ አሉ። ፕሮግራሙ በ2007 ዓ.ም. ሲሻሻል፣ ማርገዟ በጤና ባለሙያ የተረጋገጠ ሴት ከጉልበት ሥራው ተነሥታ፣ ሕፃኑ አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ድርሻዋን ያለ ሥራ እንድታገኝ ተደንግጓል። ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ድንጋይ ከመሸከም የዳነችው ወላድ ግን ስንዴውን ከመሸከም አልዳነችም። 75 ኪሎ በአንድ አህያ ጀርባ ይሄዳል፤ አህያ የሌላት ግን ወይ ትከራያለች፣ ወይ ከድርሻዋ ላይ ሰፍራ ለባለ አህያው ትሰጣለች፣ ወይ በሁለት ጉዞ ትወስዳለች። መንደርተኛው ተስማምቶ የወላዶቹን እህል በየተራ ቢያደርስላቸው ምን ይጎዳዋል? ወላዶችንና አቅመ ደካሞችን በወረፋ ማስቀደምም በጀት የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ መኪናውን የሚያስቀረው ጭቃ ብቻ አልሆነም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ደርሶ መንገዱ ተቋረጠ፤ በዚያች ከተማ ሴቶች ላይ የተፈጸመው ግፍ በዚህ ጽሑፍ ጥግ ላይ ተጠቅሶ የሚታለፍ አይደለም፤ ለብቻው መነገር ያለበት ነው። በሰኔ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ለችግረኞች የተላከ እህል ወደ ሌላ እጅ ሲገባ ተገኝቷል በመባሉ፣ የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት በመላ አገሪቱ ዕርዳታውን አቋረጡ። ለወራት አልተመለሰም። በዚያው ክረምት በክልሉ ግጭት ተቀሰቀሰ፤ የጭነት መኪና መንዳት ነፍስን አስይዞ መሄድ ሆነ። ያ ከረጢት በሦስት ሰው ተቆጥሮ የሚጫነው ለምን እንደሆነ አሁን የበለጠ ግልጽ ይመስለናል። አንድ እጅ የሰረቀው እህል ያልሰረቁትን ሁሉ አስርቧል።

ሹፌሩ በበኩሉ ሞዴል 19ን በኪሱ ከከተተ በኋላ እራቱን በልቶ ጋቢናው ውስጥ ይተኛል። ከመተኛቱ በፊት ስልክ የሚይዝበት ቦታ ፈልጎ ወደ ቤቱ ይደውላል። «ደርሻለሁ» የምትለዋን አንዲት ቃል ለመስማት ሚስቱ ስልኩን ከትራሷ አጠገብ አድርጋ ቆይታለች። የሹፌር ሚስት የሆነች አንዲት ዘመዴ፣ ባሏ መንገድ ሲወጣ ሬዲዮኑን ትዘጋለች፤ የአደጋ ዜና እንዳትሰማ ነው። ለመዝጋቷ እኔም ክፉ አልናገራትም።

ነገር ግን ሬዲዮን ከመዝጋት ሌላ ልታደርገው የምትችለው ነገር አለ። ባለቤትሽ በተቀጣሪነት የሚሠራ ሹፌር ከሆነ፣ አሠሪው የጡረታ መዋጮውን ይከፍልለት እንደሆነ ጠይቂ። በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ መሠረት 7 በመቶው ከሠራተኛው ደመወዝ ይቀነሳል፤ 11 በመቶውን አሠሪው ይጨምራል። ብዙ ሹፌሮች ግን በቃል ስምምነት፣ በጉዞ ልክ በሚከፈል ገንዘብ ስለሚሠሩ ስማቸው የትም አይገኝም። እግዚአብሔር አያድርገውና ሹፌሩ አደጋ ቢደርስበት፣ ሚስትና ልጆች ለመብታቸው የሚያቀርቡት ወረቀት ያ ምዝገባ ነው። የጋብቻ የምስክር ወረቀትና የልጆች የልደት ካርድም ሳጥን ውስጥ ተዘጋጅተው ይቀመጡ። ሌላም አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ሚስቱ ለወለደች ሠራተኛ ሦስት ተከታታይ ቀናት ከሙሉ ክፍያ ጋር ይፈቅድለታል። ለሌሎች ወላዶች በጋቢናው ቦታ የሰጠ ሹፌር የራሱን ሚስት ምጥ በስልክ ብቻ ቢሰማ አሳዛኝ ነው። ሦስት ቀን ጥቂት ቢሆንም መብቱ ነውና ይጠይቅ።

እንቅልፉ ነገርም አለ። ብዙ አሠሪዎች ሹፌሩን በደመወዙ ሳይሆን በሚያስገባው የጉዞ ብዛት ይመዝኑታል። እርሱም ሌሊቱን ከቀን ለማገናኘት ጫት ይዞ ይነሣል። ጫት እንቅልፍን ያቆየዋል እንጂ አያስቀረውም፤ ያቆየውም እንቅልፍ ቁልቁለት መሐል ላይ ይመጣል። ሚስት ቤት ሆና ይህን ልትከለክል አትችልም። አሠሪው ግን ይችላል፤ የመመለሻውን ሰዓት አንድ ቀን ማራዘም ብቻ ይበቃል።

በማግስቱ ጧት በሁለት ሰዓት የመጋዘኑ በር ይከፈታል። ትናንት ወረፋ ያልደረሳቸው በረንዳ ላይ ያደሩት ሴቶች ነጠላቸውን እያራገፉ ይነሣሉ። ሹፌሩ ሸራውን ጠቅልሎ ባዶውን ይመለሳል። ባዶ መኪና ኮረኮንች ላይ ይዘላልና ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። የሚቀጥለው ጭነት መቼ እንደሚወጣ ገና አልተነገረውም። መጋዘኑ በር ላይ የቆመች አንዲት ሴት በመስኮቱ በኩል «ወንድሜ፣ የሚቀጥለውስ መቼ ይገባል?» ብላ ብትጠይቀው እርሱ የሚመልሰው የለውም፤ የወረዳው ሠራተኛ ግን ሊመልስላት ይገባ ነበር። የመምጫው ቀን ቀድሞ በቀበሌው ቢነገር፣ ሲለወጥም መለወጡ ቢነገር፣ ሕፃን አዝላ ሁለት ቀን በረንዳ ላይ የምታድር እናት ቁጥሯ በግማሽ ይቀንስ ነበር።